የጭነት መኪና ነጂና የሣር አጨዳ ወራት

በሱሉልታ ሜዳ ሣር የሚታጨደው ክረምቱ አልፎ፥ ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። በዚሁ ወራት መንገዱ ስለሚደርቅ የመርካቶ ጭነት ይበዛል። እንግዲህ በአዲስ ከተማ የጭነት መኪና እየነዳ በአገሩ ጥቂት የሣር መሬት ያለውን ሰው ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይጠራዋል። ሣሩ ሳይታጨድ ቢዘገይ አገዳው ይጠነክራል፤ ምግብነቱም ይቀንሳል፤ ከብቱም በበጋ ይጎዳል። ስለዚህ ቀን ሲያጭድ ውሎ ሌሊት መሪ የሚጨብጥ አይታጣም፤ ነገር ግን እንቅልፍ ያሸነፈው ነጂ የሚያጠፋው የራሱን ነፍስ ብቻ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይፈቅዳል። ባለመኪኖች ይህን ዕረፍት በአጨዳው ወራት በየተራ ቢሰጡ፥ ሹማምንት ቢያሳስቡ፥ ካህናትም ቢመክሩ፥ ድርቆሹ በጊዜው ይከመራል፤ ጭነቱም በደኅና ይገባል።