ቈጥሮ መምከር

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገሪቱ የሕዝብና የጤና ጥናት ከተጠየቁት ወንዶች ከመቶው 46፤ ከሴቶችም 35 በዕድሜያቸው መጠጥ እንደ ጠጡ ተናግረዋል። ነገር ግን ይህ ቍጥር በዝክር ቀን ጠላ የሚቀምሰውን፥ በአረቄ ምክንያት ቤቱን ከሚፈታው አይለይም፤ ከማራኪ ተማሪና ከደጋው ገበሬም ይበልጥ የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ አያስረዳም። የዛሬው የጐንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ልደትንና ሞትን ከየቤቱ መመዝገብ የጀመረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1996 ነው፤ እንዲህ ባለው መዝገብ የመጠጡ ልክ ቢጨመር የጕዳቱ ሥፍራ ይታወቃል። በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መጠጥ መሸጥ ተከልክሏል፤ ሆኖም አዋጅ የሚጠብቀው የሻጩን ደጅ ነው፤ የቤቱን ልማድ የሚያርመው የነፍስ አባት ነው። ስለዚህ ሹሙ የመዝገቡን ውጤት ለካህኑ ይግለጥ፤ ካህኑም የማንንም ምሥጢር ሳያወጣ ሕዝቡን ይምከር። ሕመሙ ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት ትርፉ ድካም ነውና።