የባሕር በር ለማን ይከፈታል?

ክረምት በገባ ቁጥር ናይሮቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ሞምባሳ ማውራት ይጀምራሉ። በአገር ቤት ሐምሌና ነሐሴ የጭቃና የጉም ወራት ሲሆኑ፣ በኬንያ የባሕር ጠረፍ ግን «ኩሲ» የሚሉት የደቡብ ነፋስ የሚነፍስባቸው፣ የመጋቢት ሙቀት የሚበርድባቸው ወራት ናቸው። የኬንያ ትምህርት ቤቶችም በዚሁ ሰሞን ስለሚዘጉ ከደጋው ወደ ጠረፉ የሚወርደው ቤተሰብ ብዙ ነው። የጉዞ ወኪሎች የሚያቀርቡት ዝርዝር ዓመት ከዓመት አንድ ነው፤ ይህን ያህል ሌሊት፣ ይህን ያህል ምግብ፣ ይህን ያህል ሽልንግ። በዝርዝሩ ውስጥ የማይገኘው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለመሆኑ ዳርቻው የማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ የአገሩ ሕግ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 62 የሕዝብ መሬት የሚባለውን ሲዘረዝር፣ ባሕሩ ሞልቶ በሚደርስበትና ጎድሎ በሚሸሽበት ወሰን መካከል ያለውን መሬት ሁሉ ይጨምራል። መሬቱን ማዕከላዊው መንግሥት ለሕዝቡ በአደራ ይይዘዋል፤ የብሔራዊ መሬት ኮሚሽንም በሕዝቡ ስም ያስተዳድረዋል። ስለዚህ ከኒያሊ እስከ ሻንዙ፣ ከሊኮኒ እስከ ዲያኒ፣ ውኃው የሚያረጥበው ነጭ አሸዋ የማንም ሆቴል ግቢ አይደለም። በዚያ አሸዋ ላይ የሚሮጥ ሕፃን የማንንም ፈቃድ መጠየቅ የለበትም።

ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ሕጉ አሸዋውን ለሕዝብ ሲሰጥ፣ ወደ አሸዋው የሚያደርሰው መሬት በአብዛኛው የግል ይዞታ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ባሕሩ ያለው ቦታ በሆቴልና በቪላ አጥር ተያይዟል። በአጥሮቹ መካከል ከነበሩት ቀጫጭን መተላለፊያዎች አንዳንዶቹ በግንብ ተደፍነዋል፤ አንዳንዶቹም በር ተበጅቶላቸው ዘበኛ ቆሞባቸዋል። የአካባቢው ሰው ባሕሩን ለመንካት ብዙ ርቀት በጠራራ ፀሐይ ዞሮ መሄድ ይኖርበታል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በዚህ ላይ የባሕሩ የራሱ ጠባይ አለ። ሞምባሳ ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ውኃው ሲሸሽ በአንዳንድ ቦታ ሰው ወደ ኮራሉ አለት በእግሩ ሊሄድ ይችላል፤ ሲመለስ ግን የግቢዎቹን የድንጋይ ግድግዳ ይመታል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ለሕዝብ የተተወው መሬት በቀን ሁለት ጊዜ ባሕር የሚውጠው መሬት ነው። ግድግዳው ወደ ፊት በገፋ ቁጥር ይህም ድርሻ ይጠባል፤ ማዕበሉ ከግንቡ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ አሸዋውን ጠርጎ ይወስዳልና።

አጥሩ ትናንት የተተከለ አይደለም። አሥር ማይል ስፋት ያለው የጠረፉ ምድር በዛንዚባር ሱልጣን ስም ይጠራ በነበረበት ዘመን፣ የእንግሊዝ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1908 የመሬት ባለቤትነት ድንጋጌ አውጥቶ ባለይዞታ ነኝ የሚል ሁሉ ማስረጃውን እንዲያቀርብ አዘዘ። ማስረጃ ያቀረበ ባለርስት ሆነ፤ መሬቱን በጋራና በልማድ ይዞ የኖረው የሚጂኬንዳ ገበሬ ግን በአያቶቹ ቀዬ ሰፋሪ ተብሎ ቀረ። በኋላ ቱሪዝም ሲስፋፋ ባሕር ፊት ያለው ቦታ ዋጋው ናረ፤ ወረቀት ያልያዘውም ሰው ይበልጥ ወደ ኋላ ተገፋ። ዛሬ በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም እሱ ራሱ ከተገፉት ወገን ነው።

ሕዝቡ ምን እንደተራበ ማወቅ የፈለገ በበዓል ቀን ባምቡሪ ወደሚገኘው የጆሞ ኬንያታ የሕዝብ ዳርቻ ይሂድ። በዒድም ሆነ በገና ሰሞን አሸዋው በሰው ይሞላል። ልጆች በከመነዳሪ ይንሳፈፋሉ፤ ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ፤ ግመል ላይ ወጥቶ ፎቶግራፍ የሚነሣ አለ፤ የተጠበሰ ካሳቫና እሸት ኮኮነት ይሸጣል፤ ጥቁር ቡይቡይ የለበሱ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን እጅ ይዘው እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ይቆማሉ። አዘጋጅ ኮሚቴ ያልሰየመው፣ ማስታወቂያ ያልተነገረለት ዝግጅት ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከዚህ የሚበልጥ የዕረፍት ወራት በዓል በጠረፉ የለም። የሚያሳዝነው ይህን የሚያህል ሕዝብ በእንዲህ ያሉ ጥቂት ቦታዎች ላይ መታጨቁ ነው።

የሆቴል ባለቤቶች የሚያነሡት መከራከሪያ አለ። መንገዱ ከተከፈተ አዟሪዎች እንግዶቻችንን ያስቸግራሉ፣ ቆሻሻ ይበዛል፣ ዋና የማይችል ሰው ገብቶ ይሰጥማል ይላሉ። ሆቴሎቹ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ መሆናቸውም እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ቆሻሻን የሚያስወግደው የቆሻሻ ማጠራቀሚያና ጽዳት ነው፤ የመስጠም አደጋን የሚቀንሰው ነፍስ አድን ዋናተኛና የዋና ትምህርት ነው። አጥር ሰውን ከባሕር አያርቀውም፤ ጠባቂ ወደሌለበት፣ አለት ወደበዛበት ጥግ ይገፋዋል እንጂ። ሕዝቡን በጥቂት ቦታ አጭቆ ሲያበቃ «ተመልከቱ፣ ስንት ቆሻሻ ጣለ» ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው።

መንግሥት ሲፈልግ እንደሚችልም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሞምባሳው የማማ ንጊና መናፈሻ ታድሶ የዚያው ዓመት የጀግኖች ቀን ተከብሮበታል። መልካም ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን መናፈሻው ያለው መርከቦች በሚያልፉበት መተላለፊያ አፋፍ ላይ ነው። ባሕርን ከአፋፍ ቆሞ ማየትና በባሕር መታጠብ ይለያያሉ።

ሌላ ዓይነት አኗኗር እንዳለ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በአሮጌዋ የላሙ ከተማ፣ በመውሊድ ሰሞን የአህያ ግልቢያ፣ የዋናና የባለሸራ ጀልባ ውድድር ይካሄዳል። የባሕሩ ፊት የከተማው ዋና ጎዳና ስለሆነ፣ ባለሀብቱም ተሸካሚውም ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ያያል። በዛንዚባር ፎሮዳኒ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰፈር ልጆች ከግንቡ ላይ እየተወረወሩ ባሕር ይገባሉ፤ ቱሪስቱም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ምግቡን ይበላል። እንግዳው በዚህ ምክንያት አልሸሸም፤ እንዲያውም ያንን ለማየት ይመጣል።

አሁን ወደ ራሳችን ወገን ልመለስ። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ ኢትዮጵያውያን «የባሕር በር» የሚለውን ቃል ያላነሣንበት ዘመን የለም። በናይሮቢ ቡና ቤቶች ስለ ወደብና ስለ ኮንቴይነር፣ ስለ መርከብና ስለ ባሕር ኃይል እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን። ታዲያ ይህን ያህል ባሕር የናፈቀ ሕዝብ ሞምባሳ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ምንድን ነው? በሆቴሉ በር ከፍሎ ገብቶ፣ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ የመዋኛ ገንዳው ዳር ይቀመጣል። በአጥሩ ማዶ ስለቆመው ልጅ አይጠይቅም። ባሕር የመንግሥት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ልጅ የሚቦርቅበት፣ ሽማግሌ ጉልበቱን የሚያቀዘቅዝበት ስፍራ መሆኑን ያልተረዳ ሰው፣ ነገ በር ቢከፈትለትስ ለማን ሊያካፍለው ነው? የራሱ ጠረፍ ቢኖረውም ያንኑ አጥር እንደማይተክልበት ምን ዋስትና አለ?

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ወደ ባሕሩ የሚወስዱት መተላለፊያዎች ተለክተው፣ ተመዝግበው፣ ምልክት ይተከልላቸው፤ የተደፈኑት ይከፈቱ። በሕዝብ ዳርቻዎች ላይ መጸዳጃ፣ ጥላና ነፍስ አድን ዋናተኛ ይመደብ። ወደ ባሕሩ የሚገፋ ግንብ ሁሉ ፈቃዱ ይጠየቅ። ከእኛ በኩልም በክረምት ጉዞ የሚያዘጋጁ ማኅበራት፣ ዕድሮችና ሰንበት ትምህርት ቤቶች ቢያንስ አንዱን ቀን በሕዝብ ዳርቻ ያውሉት፤ ልጆቻቸውን ከሞምባሳ ልጆች ጋር በአንድ ውኃ ያዋኙ። በዚህ አገር የምንኖር ግብር ከፋዮች ነንና ስለ መንገዱ ባለሥልጣኖችን የመጠየቅ መብት አለን። ሰው የሚጠቀምበት መንገድ በቀላሉ አይዘጋም፤ ማንም የማይረግጠው መንገድ ግን በአንድ ሌሊት አጥር ይበቅልበታል።