የማያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ የማን ቅርስ ነው?

አሮጌ የስፖርት መኪና በሚወዱ ሰዎች ዘንድ አንድ የማይነካ ሕግ አለ፤ «ፋብሪካው እንዳወጣው ይቆይ» ይላል። ሕጉ በአብዛኛው ደግ ነው። ስንት ውብ መኪና ከመጋዝና ከአጉል ጌጥ አድኗል። ነገር ግን ማንኛውም ሕግ ምክንያቱ ሲረሳ ጣዖት ይሆናል። እኔም ብዕሬን ያነሣሁት በዚህ ጣዖት ላይ ነው፤ ለዓመታት ቀዝቃዛ አየር ሳይተነፍስ፣ ከነቱቦው ከነብረቱ መኪና ላይ ተጭኖ በሚኖረው ኤርኮንዲሽነር ላይ።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ መኪና እንውሰድ፤ ፖርሽ 911። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1963 በፍራንክፈርት ነው። አዲስ አበቤ ይህን መኪና ባያውቀው እንኳ ዘመዱን ያውቃል። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ የ911ን ቅርጽ ያወጣው ደግሞ የልጅ ልጁ። እንደ ቮልስ ሁሉ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ እስከ 1998 ድረስም የሚቀዘቅዘው በራዲያተር ውኃ ሳይሆን በአየርና በዘይት ነበር።

አሁን የማቀዝቀዣውን አቀማመጥ ልብ በሉ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሞዴሎች ኮምፕረሰሩ ከኋላ ከሞተሩ ጋር ታስሯል። አንዱ ኮንደንሰር ከሞተሩ ክዳን ሥር፣ ልክ ሞተሩ አየር በሚስብበት መስኮት ላይ ተለጥፏል። ቅዝቃዜውን የሚሰጠው ኢቫፖሬተር ግን ከፊት ስለሆነ፣ ጋዙ በረጃጅም የጎማ ቱቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። ጎማ ሲያረጅ ጋዝ ያሾልካል። የቀረውን አባቶች ጨርሰውታል፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ላሚቱ ወተት መንሳቷ ብቻ ቢሆን በታገሥን። እሷ ግን ሣሩን መብላት አላቆመችም። ከባዱ ኮምፕረሰር የተንጠለጠለው ድሮም ክብደቱ ወደ ኋላ በሚያደላ መኪና ጅራት ላይ ነው። ኮንደንሰሩም በአየር በሚኖር ሞተር አፍንጫ ላይ የተጣለ ጨርቅ ነው፤ አቧራና ቅጠል ሲይዝማ አይጣል ነው። ሞተሩን ሊመረምር የሚጎነበስ መካኒክም እጁን ማስገቢያ ያጣል።

«ኦሪጅናልነቱስ?» ይሉኛል። የትኛው ኦሪጅናል? በዚያ ዘመን አሜሪካ ከገቡት 911ዎች የአንዳንዶቹ ማቀዝቀዣ የተገጠመው በፋብሪካው ሳይሆን በሻጩ ጋራዥ ነው። ሻጭ ያሰረውን ብሎን መፍታት በምን ሒሳብ ድፍረት ይሆናል? ፋብሪካው የገጠመውም ቢሆን እንዲያቀዘቅዝ እንጂ እንዲታይ አልነበረም። «ይጠገን» የሚለኝን ግን አከብረዋለሁ። በቴክሳስ በጋ የሚነዳ ሰው ቱቦውን አስቀይሮ ቢያሠራው ደግ አደረገ። የማልቀበለው ሦስተኛውን ወገን ነው፤ አይጠግንም፣ አያወርድም፣ ግን ይኮራበታል።

ከእኔ ጎን የቆሙት አውራጆችም ቢሆኑ ከትችቴ አያመልጡም። ቱቦውን በቢላ ቆርጦ ጋዙን ወደ ሰማይ የሚለቅ ሰው አለ። በእነዚያ መኪኖች ውስጥ የነበረው አር-12 የተባለው ጋዝ ነው። ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ የዚህ ዓይነት ጋዞች የኦዞንን ሽፋን እንደሚጎዱ እ.ኤ.አ. በ1974 አመለከቱ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ በ1995 ሁለቱ ከፓውል ክሩትዘን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አሜሪካ ውስጥ ጋዙን ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ ከ1992 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። አንድ ኪሎ አር-12 በመቶ ዓመት ሒሳብ ከ10000 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበለጠ ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ «ባዶ ነው» የተባለው ሁሉ አስቀድሞ በባለሙያ እጅ ይፈተሽ፤ የቀረ ጋዝ ካለም በመሣሪያ ተመጥጦ ይሰብሰብ።

ከዚያ በኋላ ብሎኑ ይፈታ እንጂ አይቆረጥ። ቀዳዳው በጎማ ይደፈን እንጂ አይበየድ። የወረደው ዕቃ ጫፍ ጫፉ ታሽጎ፣ ምንነቱ ተጽፎበት ሣጥን ይግባ፤ መኪናው ሲሸጥም ሣጥኑ አብሮ ይሂድ። የነገው ባለቤት ከፈለገ መልሶ ይግጠመው። ይህ ሁሉ ሲደረግ ከታሪኩ ምን ጎደለ? አንዲት ብሎን እንኳ አልጠፋችም፤ ሞተሩ ግን መተንፈሻ አገኘ።

ቅርስ ጠባቂ ነኝ የሚል ሰው የሚጠብቀው ነገር ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ አለበት። ፖርሽ 911 የተሠራው ሊነዳ ነው። በመጋረጃ ተሸፍኖ፣ በሞተ ብረት ታንቆ፣ «ሁሉ ነገሩ አለ» እየተባለ ዋጋው የሚቆጠርለት መኪና ባለቤቱን ያበለጽግ ይሆናል እንጂ የሠሪዎቹን ሐሳብ አይጠብቅም። እንግዲህ ሦስተኛ መንገድ የለም፤ ማቀዝቀዣው ወይ ይጠገን፣ ወይ ይውረድ!