ኃላፊነቱ የተወሰነ መርዝ

በከተማችን «ኃ.የተ.የግ.ማ.» የሚል ታፔላ የሌለበት ጎዳና አለ? ሲተነተን «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ነው። ነጋዴ ቢከስር አበዳሪ መኖሪያ ቤቱን እንዳይሸጥበት የተበጀ ከለላ ነው። በዚህ ጠብ የለንም፤ ያለ እሱ ደፍሮ ፋብሪካ የሚተክል ጥቂት ነው። ጠብ የሚጀምረው ከለላው ለመርዝም ሲዘረጋ ነው። ዕዳ ይወሰን ይሆናል፤ መሬት ውስጥ የሰረገ ኬሚካል ግን ማኅበሩ ስለፈረሰ አብሮ አይፈርስም።

እስቲ ካናዳ የሆነውን እንይ። በኦንታሪዮ ግዛት፣ ካምብሪጅ ከተማ፣ ኖርዝስታር ኤሮስፔስ የሚባል ኩባንያ የአውሮፕላን ዕቃ ያመርት ነበር። የብረት ቅባት የሚጸዳበት ትራይክሎሮኢታይሊን የተባለ ካንሰር አምጪ ፈሳሽ ከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ገባ፤ ትነቱም ወደ ጎረቤት መኖሪያ ቤቶች ዘለቀ። ኩባንያው ማጽዳት ጀምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ከሰረ። ንብረቱ ተሸጠ፤ የጽዳቱ ከፋይ ጠፋ። የግዛቱ የአካባቢ ሚኒስቴር በዚያው ዓመት ወደ ቀድሞ የቦርድ አባላትና ኃላፊዎች ዞሮ ጽዳቱን በግላቸው እንዲሸከሙ አዘዘ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2013 በስምምነት ሲያልቅ 4.75 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ።

ጩኸቱ ቀላል አልነበረም። «አንዳንዶቹ ቦርድ የገቡት ብክለቱ ከደረሰ በኋላ ነው» ተባለ። እውነት ነው። «እንዲህ ከሆነ ማን ቦርድ ይገባል?» ተባለ። እኛም ሁሉም በጅምላ ይቀጣ አንልም። ያወቀ፣ የማስቆም ሥልጣን የነበረው፣ ትርፉን የተካፈለ እንደ ድርሻው ይክፈል ነው የምንለው። እሱ ካልከፈለ ማን ይክፈል? ልጆቿን ይዛ ከመርዙ በላይ የምትተኛው ጎረቤት? እሷ ቦርድ አልገባች፣ ትርፍ አልተካፈለች!

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲሸፍን ያዛል። መልካም። በካዩ ፈርሶ ከመዝገብ ከተሰረዘስ? ማኅበር ሲፈርስ ሒሳብ አጣሪ ይሾማል። ባንኩ ይመጣል፣ ሠራተኛው ይመጣል፣ ግብር ሰብሳቢው ይመጣል። የአቃቂ ወንዝ ግን ደረሰኝ ይዞ አይመጣም። በዚያ ውሃ የበቀለ ጎመን የበላ ሰው ቢታመም እንኳ ሕመሙ የሚታወቀው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ የሚከሰስ ስም የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ አደገኛ ኬሚካል የሚጠቀም ፋብሪካ ገና ፈቃድ ሲወስድ የማጽጃ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ያስይዝ። ሁለተኛ፣ የረገጠው መሬትና የለቀቀበት ውሃ ሳይመረመር ማንም ማኅበር ከመዝገብ አይሰረዝ። ሦስተኛ፣ እያወቁ ያስበከሉና መዓቱ ሲመጣ ድርጅቱን አራቁተው የዘጉ ሰዎች በግል ንብረታቸው ይጠየቁ። ሦስተኛው ባለሀብት ያስበረግጋል እንደሚሉን እናውቃለን። የሚበረግገው የትኛው ባለሀብት እንደሆነ ግን ብንለይ ጥሩ ነው፤ ቆሻሻውን የሚያጣራው ምን ያስፈራዋል?

ታፔላ ይወርዳል፤ መርዙ ይቀራል። ከትርፉ የተካፈለ ከጽዳቱም ይካፈል።