ከውድ ኪኒኑ በፊት ምርመራው ይቅደም

የጡት ካንሰር የተገኘባት ሴት ሁሉ፣ ዕጢዋ የሆርሞን ተቀባይ ያለው ይሁን ወይም የሌለው፣ ተመርምሮ ሊነገራት ይገባል። ይህን ስል ቅንጦት እየጠየቅሁ አይደለም። ፓቶሎጂስት ነኝ፤ የሥራ ቀኔ የሚያልፈው ከታማሚዎች የተወሰዱ ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ ስመረምር ነው። ስለ አዳዲሶቹ የካንሰር ኪኒኖች ብዙ ይወራል። የኪኒኖቹን ጥቅም ስለሚወስነው ምርመራ ግን የሚናገር ሰው እምብዛም አልሰማም።

ከጡት ዕጢ የተቆረጠ ናሙና በፓራፊን ሰም ውስጥ ይቀበርና እጅግ በስሱ ተልጦ፣ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ተቀብቶ ይቀርብልኛል። ከምፈልጋቸው ነገሮች አንዱ በመከፋፈል ላይ ያለ ሴል ነው። ክሮሞዞሞቹ ጠቁረው መሀል ላይ ተሰልፈው፣ ወይም ወደ ሁለት ጫፍ ተጎትተው ስለሚታዩ ለለመደ ዓይን አይጠፋም። ክፍፍሉ የበዛበትን የዕጢውን ጠርዝ መርጬ፣ በ400 እጥፍ አጉልቼ፣ በ10 የእይታ መስኮች ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የዕጢው ክፋትም ይጨምራል።

ጤነኛ ሴል ዝም ብሎ አይከፋፈልም። መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚቆም የሚወስኑ ኢንዛይሞች አሉት፤ ሳይክሊን ጥገኛ ኪኔዞች፣ ባጭሩ ሲዲኬ ይባላሉ። የታወቁትም ከካንሰር ሕክምና ርቆ በተሠራ ምርምር ነው። አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል የሴል ክፍፍልን የሚመሩ ጂኖችን ያገኘው በዳቦ እርሾ ላይ ነው፤ ጠጃችንን የሚያፈላውም ይኸው የእርሾ ዝርያ ነው። እንግሊዛዊው ፖል ነርስ በሌላ የእርሾ ዓይነት ላይ ሠራ። የአገሩ ልጅ ቲም ሃንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 የባሕር ጃርት እንቁላል ሲከፋፈል እየተከታተለ፣ በየክፍፍሉ ተጠራቅሞ ድንገት የሚጠፋ ፕሮቲን አየ፤ ሳይክሊን አለው። በ1987 የነርስ ላቦራቶሪ ሲዲኬ የሚሠራውን የሰው ጂን ወስዶ መከፋፈል ወዳቃተው እርሾ አስገባው፤ እርሾው መከፋፈል ቀጠለ። ሦስቱም በ2001 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

በጡት ሴል ውስጥ ዋናዎቹ ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 ናቸው። አርቢ የሚባል ፕሮቲን የክፍፍሉን ጅማሬ አግዶ ይይዛል። ኢስትሮጅን ሆርሞን ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ሳይክሊን ዲ1 ይበዛል፤ ሳይክሊኑ ኢንዛይሞቹን ያነቃቸዋል፤ እነሱም አርቢ ላይ ፎስፌት እየለጠፉ እገዳውን ያስለቅቁታል። ያን ጊዜ ሴሉ ዲኤንኤውን ማባዛት ይጀምራል። ሆርሞን ተቀባይ ባላቸው ብዙ ዕጢዎች ውስጥ ይህ መንገድ ከልክ በላይ ይሠራል።

ፓልቦሲክሊብ፣ ሪቦሲክሊብና አቤማሲክሊብ እነዚህን ሁለት ኢንዛይሞች የሚያግዱ ኪኒኖች ናቸው። የመጀመሪያው በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሁለቱ ደግሞ በ2017 ነው። ውጤታቸው እውነተኛ ነው። በሽታው በተሰራጨባቸው ሴቶች ላይ በተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት፣ የሆርሞን መድኃኒቱን ሌትሮዞልን ብቻ ከወሰዱት መካከል ግማሾቹ ከ51 ወራት በላይ ኖሩ፤ ሪቦሲክሊብ ሲጨመርበት ይህ አሃዝ ወደ 64 ወራት ገደማ ከፍ አለ። አንድ ዓመት ማለት ለእናትና ለልጆቿ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ነገር ግን እነዚህ ኪኒኖች የሚታዘዙት ዕጢዋ ሆርሞን ተቀባይ እንዳለው ለተረጋገጠላት ሴት ነው።

አንድ ወንድም ከአሜሪካ ደውሎልኝ ነበር። እህቱ በክፍለ ሀገር ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና አድርጋለች። «ዶክተር፣ አዲሱን ኪኒን ዋጋው ምንም ይሁን ምን አፈላልጌ ልላክላት?» አለኝ። ናሙናዋ እኛ ዘንድ የመጣው በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነው፤ በጠባቡ አፍ ተገፍቶ ገብቶ፣ ፎርማሊኑ ግማሹን እንኳ ሳይሸፍነው፣ በዘመድ እጅ በአውቶቡስ። የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ሠራንለት። በዚህ ምርመራ ተቀባይ ያለው የሴል ኒውክለስ ቡናማ ይሆናል። ከዕጢው ጎን የነበረው ጤነኛ የጡት ቱቦ ቡናማ ሴሎች ሊያሳይ ሲገባው አንድም አላሳየም። ምርመራው ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እሱ ይታይ ነበር። ናሙናው ሳይደርስ ተበላሽቷል። ለወንድሟ «ላክ» ማለትም «አትላክ» ማለትም አልቻልኩም።

መፍትሔው ከኪኒኑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ናሙናው ከተቆረጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ በሆነ የተመጣጠነ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ። ፎርማሊኑ የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን፤ ትልቁ ዕጢ ፎርማሊኑ ወደ ውስጡ እንዲዘልቅ ይሰንጠቅ፤ ዕቃው አፈ ሰፊ ይሁን፤ የገባበት ሰዓት ይጻፍበት። ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ቆይቶ ወደ ሰሙ ይለፍ። ይህ ሲጓደል ተቀባይ ያለው ዕጢ የሌለው መስሎ ሊታይ ይችላል። ሴትየዋም የሚያድናትን ርካሽ መድኃኒት ታጣለች።

ርካሽ የምለው ታሞክሲፊንን ነው። ተቀባይ ላለው ዕጢ ለ5 ዓመት ሲወሰድ፣ በ15 ዓመት ውስጥ በበሽታው የመሞት ዕድልን በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ከዕጢዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኢስትሮጅን ተቀባይ ነበራቸው። ይህን የሚያውቁ ባልደረቦቼ «አብዛኞቹ ካላቸው ለሁሉም ታሞክሲፊን እንስጥ፤ ምርመራው ለምን?» ይሉኛል። ምርመራው ጨርሶ በማይገኝበት ቦታ እንዲህ መደረጉን አልቃወምም፤ ሴቲቱን ባዶ እጇን ከመሸኘት ይሻላል። ግን የቀረችውን አንድ ሦስተኛ ዞር ብለን እንያት። ለ5 ዓመት የማይጠቅማትን ኪኒን ትውጣለች፤ ታክሜያለሁ ብላ ትዘናጋለች፤ ሐኪሟም ጠንከር ያለ ኬሞ እንደሚያስፈልጋት ሳያውቅ ይቀራል።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር የጡት ቀዶ ሕክምና በሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች ሁሉ ትክክለኛ ፎርማሊንና አፈ ሰፊ ዕቃ እንደ ጓንትና እንደ ስፌት ክር የማይቋረጥ አቅርቦት ያድርገው። የሆርሞን ተቀባይ ምርመራም ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ የሪፈራል ሆስፒታሎች ይከፈት፤ ናሙናውን የሚያመላልሰውም ታማሚዋ ወይም ዘመዷ ሳይሆን የጤና ተቋሙ ይሁን። ቀዶ ሐኪሞች የሥራ ባልደረቦቼ ናችሁ፤ ሰዓቱን ጻፉልን። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ኪኒን ከማፈላለጋችሁ በፊት የምርመራውን ወጪ ሸፍኑ፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ጠይቁ።

የሲዲኬ ኪኒኖችም ለአገራችን ሴቶች እንዲደርሱ አጥብቄ እፈልጋለሁ። ዋጋቸው እንዲወርድ ከአምራቾች ጋር የሚደራደር ሰው ግን ስንት ሴቶች እንደሚያስፈልጋቸው ቆጥሮ መቅረብ አለበት። ያን ቁጥር የሚሰጠን በአግባቡ ተይዞ የተመረመረ ናሙና ብቻ ነው።