«ፋይልዎ አልተገኘም፤ ነገ ይመለሱ»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ባለጉዳይ አለ እንዴ? ለማጂ ሰው ግን «ነገ» ቀላል አይደለችም፡፡ ጉዳዩ ዞን ከደረሰ ጀሙ መሄድ አለበት፡፡ ክልል ከደረሰ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎቹ አራት ናቸው፤ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ፡፡ ሰው ከሚንከራተት ፋይሉ ቢጓዝ እኛም ደስ ይለናል፡፡

ታዲያ ቢሮዎቻችን የሰነድ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ሲመርጡ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁልን፡፡ አንደኛ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል ወይስ ወረዳው ኮምፒውተር ላይ ቆይቶ ኔትወርክ ሲመለስ ይተላለፋል? ሁለተኛ፣ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን «ሀይሉ» ብለን ብንፈልገው ያገኘዋል? ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ካልተነገረው ሁለት ሰዎች ናቸው፡፡ ፋይሉ እዚያው እያለ «የለም» ይለናል፡፡ ሦስተኛ፣ ጳጉሜን ያውቃል? የይግባኝ ቀን የሚቆጠረው በቀልድ አይደለም!

መልሱን ደግሞ ከሻጩ አትጠብቁ፡፡ ከመግዛታችሁ በፊት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን አስቀምጡና እሷ ትሞክረው፡፡ ያለዚያ የምንገዛው «ነገ ይመለሱ»ን በስክሪን የሚያሳይ ውድ መደርደሪያ ነው፡፡