ያልፈረሙት ንጉሥ

የዛሬው ጨዋታ የተነሳው እናቴ ቤት ቡና ላይ ነው። ከሜሪላንድ ለእረፍት የመጣችው አክስቴ ስለ አሜሪካ ምርጫ ስታወራን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ድምጿን ለጆ ባይደን እንደሰጠች ነገረችንና ቀስ ብላ፣ "ሰውዬውን ግን አንድ ቄስ አላቆርብህም ብሎት ነበር፤ በጽንስ ማቋረጥ ጉዳይ" አለች። ፈንዲሻቸውን አንድ በአንድ ሲለቅሙ የነበሩት አያቴ ቀና ብለው፣ "ንስሐ አባቱስ ምን አሉት?" ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ይዣት ስዞር ሰነበትኩ።

ነገሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ባይደን ገና የምርጫ ዘመቻ ላይ ሳሉ፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ፍሎረንስ በምትባል ከተማ እሑድ ቅዳሴ ለማስቀደስ ወደ አንድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ቄሱ ቅዱስ ቁርባን ከለከሏቸው። ምክንያቱ፣ ባይደን ጽንስ ማቋረጥ በሕግ መፈቀዱን መደገፋቸው ነው። ቁርባን ፊት ደርሶ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በሕዝብ ፊት ሲሆን ደግሞ አስቡት።

ባይደን ከጆን ኤፍ ኬኔዲ ቀጥሎ ሁለተኛው ካቶሊክ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ናቸው። ለዓመታት ሲሉ የቆዩት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ሕይወት መቼ ይጀምራል በሚለው ላይ የቤተ ክርስቲያኔን ትምህርት ለራሴ ሕይወት እቀበላለሁ፤ ይህን እምነት በማይጋሩኝ ሰዎች ላይ ግን በሕግ አልጭንም። እ.ኤ.አ. በ2021 ቫቲካን ሄደው ከሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ ጋር ከተወያዩ በኋላ፣ ጳጳሱ "ጥሩ ካቶሊክ ነህ፣ መቁረብህን ቀጥል" እንዳሏቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ለአያቴ ጥያቄ መልስ ተገኘ ልንል እንችላለን፤ ቃሉን የሰማነው ግን ከራሳቸው ከባይደን አፍ ነው። በዓመቱ ደግሞ የምክር ቤቱን አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲን የአገራቸው የሳን ፍራንሲስኮ ሊቀ ጳጳስ እንዳይቆርቡ ከለከሏቸው። ወር ገና እንዳለፈ ሴትዮዋ ሮም ሄደው፣ ጳጳሱ ባሉበት በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ቆረቡ። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሰው፣ ሁለት መልስ።

"በግሌ አምናለሁ፣ በሕግ አልጭንም" የሚለው ክርክር ግን የባይደን ፈጠራ አይደለም። በደንብ አብራርተው ያቀረቡት የኒው ዮርክ አገረ ገዢ የነበሩት ማሪዮ ኩሞ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ኖትር ዳም በተባለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር። የማስተዳድረው ካቶሊኩንም፣ አይሁዱንም፣ ፕሮቴስታንቱንም፣ የማያምነውንም ነው፤ እኔ ካቶሊክ ሆኜ እንድኖር ያስቻለኝ ነፃነት ሌላው በእኔ እምነት እንዳይገዛ ይጠብቀዋል፤ ሕግ የብዙኃኑን ስምምነት ይፈልጋል ነው ያሉት።

እኔ በዚህ በከፊል እስማማለሁ። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ሲል ምን እየጠበቀልን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ መኖር ይበቃል። በአንዱ ፎቅ ኦርቶዶክስ ይጾማል፣ በሌላው ሙስሊም ያፈጥራል፣ ከላይ የጴንጤ መዝሙር ይሰማል። የማን ሥርዓት ሕግ ይሁን? በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር (ተደፍራ ወይም ከዘመድ ያረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ የወደቀ፣ ልጅ ለማሳደግ ያልደረሰች...) ሕጉን ያጸደቁት እንደራሴዎች አብዛኞቹ የሚጾሙና የሚሰግዱ ሰዎች እንደነበሩ መገመት አያዳግትም።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። "በግሌ እቃወማለሁ" የምትለዋ ሐረግ በጣም ርካሽ ናት። ይህን የምለው ራሴ ስለተጠቀምኩባት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት ለአንድ የስፖርት ውርርድ ቤት ማስታወቂያ ለመሥራት ውል ወሰደ። እኔ ደግሞ የሰፈሬ ልጆች የታክሲ ሳንቲማቸውን ሳይቀር ለውርርድ ሲያውሉ ዓይኔ ያየ ነኝ፤ በእምነቴም ቁማር ትክክል አይደለም። ፊቴን ያየው አለቃዬ "ችግር አለሽ እንዴ?" አለኝ። "በግሌ አልደግፈውም፤ ሥራ ግን ሥራ ነው" አልኩት። መፈክሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥሩ መፈክር ነበር። ቦነስም ተከፈለኝ።

እንግዲህ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ነው ከሌላው ሁሉ የተለየ አንድ ካቶሊክ ባለሥልጣን ትዝ ያሉኝ፤ የቤልጂየም ንጉሥ ቦድዋን።

ቦድዋን እ.ኤ.አ. በ1951 ሲነግሡ የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ። ባለቤታቸው ንግሥት ፋቢዮላ ስፔናዊት ሲሆኑ ሁለቱም አጥባቂ ካቶሊኮች ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። አምስት ጊዜ አርግዘው አምስቱም እንደጨነገፈባቸው ንግሥቲቱ ራሳቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ተናግረዋል። ይህን ያዙልኝ።

በቤልጂየም ጽንስ ማቋረጥ ከ1867 ጀምሮ በወንጀል ሕግ የተከለከለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ዊሊ ፔርስ የተባሉ የማህፀን ሐኪም በዚሁ ጉዳይ ታስረው ከአንድ ወር በላይ እስር ቤት ቆዩ፤ አገሩም ያን ጊዜ ተነጋገረበት። ችግር የገጠማቸው ሴቶች ወደ ሆላንድ እየተሻገሩ ነበር። ከረጅም ክርክር በኋላ ፓርላማው በማርች 29 ቀን 1990 አዲሱን ሕግ አጸደቀ። በጭንቅ ላይ ያለች ሴት ምክር አግኝታና 6 ቀን አስባበት፣ እስከ 12 ሳምንት ድረስ በሐኪም ጽንሱን ማቋረጥ ትችላለች ይል ነበር።

በዚያ አገር ንጉሥ ያልፈረመበት ሕግ አይጸናም። ፊርማው የወግ ነገር ነው፤ ንጉሥ ይፈርማል፣ ያልቃል። ቦድዋን ግን በማግስቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቪልፍሪድ ማርተንስ ደብዳቤ ጻፉ። ይህን ሕግ መፈረም ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ የኅሊና ነፃነት ለዜጋው ሁሉ ሆኖ ለንጉሡ ብቻ የተከለከለ ነው ወይ? አሉ። ደብዳቤው በዚህ አላበቃም፤ ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የሕዝብ እንደራሴዎች የወሰኑትን ለማገድ አልፈልግም፣ የእኔም ኅሊና ሳይደፈር የፓርላማውም ሥራ ሳይስተጓጎል መውጫ መንገድ ፈልጉ ብለው ጠየቁ።

መውጫው ምን ሆነ መሰላችሁ? ሚኒስትሮቹ ሕገ መንግሥቱን ሲያገላብጡ፣ ንጉሡ መግዛት በማይችሉበት ጊዜ ሥልጣኑ ለሚኒስትሮች እንደሚተላለፍ የሚናገር አንቀጽ አገኙ። ያ አንቀጽ ቀደም ሲል የተሠራበት እ.ኤ.አ. በ1940 የቦድዋን አባት ሊዮፖልድ 3ኛ በጀርመን ጦር እጅ በወደቁ ጊዜ ነው። አሁን ልጃቸው በራሳቸው ኅሊና ተማርከው "መግዛት አልቻሉም" ተባለ። ሚኒስትሮቹ በንጉሡ ፋንታ ሕጉን ፈረሙ። በኤፕሪል 5 ቀን ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት ተሰብስበው፣ ንጉሡ መግዛት ይችላሉ ብለው ድምፅ ሰጡ። ቦድዋን ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ። ወደ 36 ሰዓት ገደማ ቤልጂየም ያለ ንጉሥ አደረች።

ይህ ቲያትር ነው ያሉ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ያልተመረጠ ንጉሥ የሚፈርመውን ሕግ መምረጥ ከጀመረ የት ይቆማል? ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚያ ላይ የአንድ ንጉሥ የኅሊና ጭንቀት፣ ድንበር ለመሻገር አውቶቡስ ላይ ከተቀመጠች አንዲት ሴት ጭንቀት ይበልጣል ብዬ ልከራከራችሁ አልፈልግም። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ሰውዬውን ማድነቄን አልተውም። የኅሊናቸውን ዋጋ ለመክፈል ያቀረቡት የራሳቸውን ዙፋን ነበር። ሴቶቹ እንዲከፍሉላቸው አላደረጉም፤ ሕጉ በቀኑ ጸናና ሥራ ላይ ዋለ። ብዙ ጊዜ እኛ የምናየው ተቃራኒውን ነው። አንዱ እምነቱን ሌላው ሰው እንዲከፍልለት ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ፣ እንደ እኔ፣ እምነቱን "በግሌ" ብሎ ኪሱ ከትቶ ደመወዙን ይቀበላል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2018 የሞት ቅጣት ከቶ ተቀባይነት የለውም ብላ በትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፏ አስፍራለች። የሞት ቅጣት የሚደግፉ ካቶሊክ ፖለቲከኞች አሜሪካ ውስጥ ሞልተዋል። እነዚህ በቁርባን ፊት የመመለሳቸው ወሬ ግን አልደረሰኝም። ይህን በቅንፍ ያዙት።

ቦድዋን እ.ኤ.አ. በ1993 አረፉ። ጉዳዩ ግን አልሞተም። በሴፕቴምበር 2024 ጳጳስ ፍራንሲስ ብራስልስ ሄደው በመቃብራቸው ላይ ጸለዩ፤ ድፍረታቸውን አወደሱ፤ ብፁዕ እንዲባሉ ሂደቱ እንዲጀመርም እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ሕጉን "ገዳይ ሕግ" ብለው ስለጠሩት የቤልጂየም ጠቅላይ ሚኒስትር ተቆጥተው የቫቲካንን አምባሳደር አስጠሩ።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለአያቴ ተረኩላቸው። ንግሥቲቱ ጋ ስደርስ "ውይ፣ አምስት ጊዜ" ብለው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። በንጉሡ ነገር ረጅም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማርተንስም ካቶሊክ እንደነበሩ፣ ፓርቲያቸውም የክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲ እንደሆነና ሕጉን ተቃውሞ እንደነበር፣ ንጉሡ እጃቸውን ሲሰበስቡ ብዕሩን ያነሱት ግን እሳቸውና ሚኒስትሮቻቸው እንደነበሩ ስነግራቸው ነገር ተለወጠ። መንግሥቱ እንዳይፈርስ፣ አገሩም ያለ ሕግ እንዳይቀር ሲሉ ነው አልኳቸው።

አያቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "ጉድ ነው! እኝህ የፈረሙትስ፣ ንስሐ አባታቸው ምን አሏቸው?" አሉኝ።